የጅቡ መሐላና የአባ ጉድባ ሳል

ተረት ተረት። «የላም በረት» የምትሉ በሉ፤ እኔ የምነግራችሁ ግን ላምም በረትም ስለሌለበት ጫካ ነው። በዚያ ጫካ እንስሳት እንደ ሰው ይሰበሰቡ፣ እንደ ሰው ይማማሉ፣ እንደ ሰውም ፊልም ያዩ ነበር። ፊልሙን በዲስክ ያስቀምጡታል፤ ሲያሰኛቸው በማጫወቻ ያዩታል። መብራቱ ከየት ይመጣ ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ። ጅብ ሲናገር ዝም ብሎ የሰማ ሰው ማጫወቻ ላይ ሲደርስ ሊመራመር አይገባውም።

እንስሳቱ እድር ነበራቸው። ሊቀመንበሩ ጎሽ ነበር። ጎሽ የተመረጠው ዐዋቂ ስለነበረ አይደለም፤ እሱ ከቆመ ከኋላው ያለው ዕጩ ስለማይታይ ነው። የእድሩን ድንኳን፣ ድስት፣ ማጫወቻና ዲስኮች የምትጠብቀው ደግሞ ፍልፈል ነበረች። ጉድጓዷ ጥልቅና ደረቅ ስለሆነ ዕቃ አይበላሽባትም። ዓይኗ ግን እንደ ዘሮቿ ሁሉ ደካማ ነው፤ ከአፍንጫዋ አልፎ እምብዛም አያይም። እንስሳቱ ይስቁባታል። «ዓይን የሌላት የፊልም ጠባቂ ሆነች» ይላሉ። እሷም አትቀየምም። «የሚያየውማ አይቶ ይረሳዋል» ትላቸዋለች።

ከዲስኮቹ ሁሉ የሚከበረው የጅቡ መሐላ ያለበት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር ሲገባ የጫካው ኩሬዎች ይደርቃሉ፤ ውሃ የሚገኘው ከትልቁ ሾላ ሥር ብቻ ነው። አያ ጅቦ ያን ያውቃል። ሾላውን ተደግፎ ይጠብቅና ሊጠጣ የወረደውን ይበላል። እመት ሚዳቋ በሁለት ዓመት ሁለት ግልገል አጣች። ሁለተኛው ሲበላባት ከሽማግሌዎቹ ደጅ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። እህልም ውሃም ሳትቀምስ ቀን ከሌት አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ አዘኑላት እንበል። እንቅልፍም አጥተው ነበር።

በመጨረሻ ሦስት ሽማግሌዎች ጅብን አስቀመጡት። ከሦስቱ አንዱ የፍልፈል ባል አባ ጉድባ ነበሩ። ጅብ ተነሥቶ እንዲህ ሲል ማለ፦ «ከዚህ ሾላ ወዲህ፣ ውሃ ሊጠጣ በወረደ ፍጥረት ላይ ጥርሴን አላሳርፍም። ብከዳ ጉድጓዴ ይደርመስብኝ፤ ዘሬ ይንጠፍ።» ይህ ሁሉ በዲስክ ተቀረጸ። ጅብ «ዘሬ ይንጠፍ» ከማለቱ በፊት አባ ጉድባ ሁለት ጊዜ ሲያስሉ ይሰማል። በዚያው ክረምት ያ ሳል ገደላቸው።

የጫካው ሕግ «ያልታየ መሐላ አይጸናም» ይላል። ጅብን በየዓመቱ ካላስታወሱት ቃሉን ሳይሆን ረሃቡን ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ ጥር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ እንስሳቱ ሁሉ በነጩ ገደል ፊት ይሰበሰባሉ። ጅብ ከፊት ይቀመጣል። ዲስኩ ይከፈትና ምስሉ ገደሉ ላይ ይወጣል። ሲያልቅ ጅብ ቆሞ «ያ እኔ ነኝ፤ ቃሉም የእኔ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ እመት ሚዳቋ በሰላም ትጠጣለች። ሦስተኛ ልጇንም በዚህ ሰላም ወለደች።

ሕዝቡ ዲስኩን በዓመት አንዴ ለመሐላው ሲል ያየዋል። ፍልፈል ግን ሆድ በባሳት ቁጥር ከጉድጓዷ ትከፍተውና ጀርባዋን ለምስሉ ሰጥታ ታዳምጠዋለች። መሐላው አይደለም የሚያስከፍታት። እነዚያን ሁለት ሳሎች ትሰማና ትዘጋዋለች።

እንዲህ እየኖሩ ሳለ ጉሬዛ መጣ። መጣ ስል ወረደ ማለቴ አይደለም፤ ጉሬዛ መሬት አይረግጥም። ነጭ ካባውን ደርቦ በረጅሙ ዝግባ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ወገኖቼ፣ እስከ መቼ ዲስክ ታቅፋችሁ ትኖራላችሁ?» አለ። «ዲስክ ይጫጫራል። ዲስክ ቦታ ይይዛል። ጎረቤት ይዋሰውና አይመልሰውም። ሁሉንም ለእኔ ስጡኝ፤ ከዝግባዬ ጫፍ ሆኜ በአየር እልክላችኋለሁ። ለእያንዳንዳችሁ አንዳንድ መስታወት እሰጣለሁ። ‹ይህን አሳየኝ› ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። እኔስ በወር አንድ እቅፍ ለጋ ቅጠል ከመጣልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ጎሽ ስብሰባ ጠራ። ጅግራ ቀድማ ተነሣች። «እኔ እደግፋለሁ» አለች። «የሰርጌን ዲስክ ልጆቼ እንደ ገለባ አገላብጠው ጭረው ጨርሰውታል። አሁን ሙሽራው ሲገባ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው።» ዝንጀሮም «ጎረቤት ይዋሰውና አይመልሰውም የተባለው እውነት ነው» አለ። ከሁሉም ቤት ዲስክ ተውሶ ያልመለሰው ራሱ ዝንጀሮ ስለነበረ ነገሩን በደንብ ያውቀዋል።

ፍልፈል ከጎሽ ኋላ ሆና ድምጿን አሰማች። «ጌታው ጉሬዛ፣ አንድ ቀን ቢቆጡን፣ አሳዩን ያልነውንም አላሳይም ቢሉን ምን ይውጠናል?»

«እኔ?» አለ ጉሬዛ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እትዬ ፍልፈል፣ እኔ እንኳን ማንንም ላስቀይም ሥጋ አልቀምስም።»

ይህ ለጥያቄው መልስ አልነበረም። ለሥጋ በል ሲንቀጠቀጡ ለኖሩ እንስሳት ግን ከመልስም በላይ ሆነ፤ ጭብጨባው ጫካውን አናወጠው። ጎሽ የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ አለ። ፍልፈል እጇን አወጣች፤ ከጎሽ ኋላ ስለነበረች ግን ማንም አላያትም። «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጻፈ።

ውሉ በኮባ ቅጠል ላይ ተጽፎ ነበር። ቅጠሉ እርስ በርሱ ተሰፍቶ ከዝግባው ጫፍ እስከ ሥሩ ይወርዳል። ጽሕፈቱ ከላይ፣ ከጫፉ ላይ ነው፤ መፈረሚያው ከታች፣ ከሥሩ ነው። እንስሳቱ ቀና ብለው አዩት፤ አንገታቸውን አመማቸውና እግራቸውን ጭቃ ውስጥ እየነከሩ ፈረሙ። ጎሽ በሁለቱም የፊት እግሮቹ ፈረመ።

ጉሬዛ ዲስኮቹን ሁሉ ቀድቶ በመለሰ ማግስት ከርከሮ ጆንያውን ተሸክሞ በየደጁ «ልዋጭ፣ ልዋጭ ያለው፣ የተበላሸ ማጫወቻ፣ ያረጀ ዲስክ፣ ልዋጭ» እያለ ዞረ። አሥር ዲስክ ለሰጠ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ማጫወቻ ለሰጠ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። የተበላሸ አለ እንጂ ደህናውንም አይጠላም። እንስሳቱ ተሻሙ። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለሌላው የተነገረ እየመሰለው ነው እንጂ። ጎሽም የእድሩን ማጫወቻ፣ ከሥሩ የእድሩ ማኅተም ያለበትን፣ በትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ለወጠው። በእርግጥ እድሩ ሳፋ ቸግሮት ነበር።

የእድሩ ዲስኮችም ተቀድተው ወደ ፍልፈል ስለተመለሱ በጆንያ ለከርከሮ እንዲሰጡ ተወሰነ። ፍልፈል ጆንያውን አስረከበች። ከዲስኮቹ መካከል ግን አንዱን አውጥታ በምትኩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተተችበት። ከርከሮ ጆንያውን መዘነው እንጂ አልከፈተውም። ፍልፈል ይህን ያደረገችው ሕግ ለማዳን አይደለም። ሳሉን ለከርከሮ ኩባያ መስጠት አልሆነላትም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ደስ የሚሉ ነበሩ። እንስሳቱ መስታወታቸውን ፊት ለፊት ሰቅለው እስኪያንጎላጁ ያዩ ነበር። ፍልፈልም መስታወት ተሰጣት። አንድ ቀን ሆድ ባሳትና «ጌታው ጉሬዛ፣ መሐላውን ያሰሙኝ» አለች። ጅብ ተናገረ፤ ሽማግሌዎች መረቁ፤ አለቀ። ጆሮዋን ከመስታወቱ አስጠግታ እንደገና አስከፈተችው። ሳሉ የለም።

«አባ ጉድባ እዚህ ጋ ያስሉ ነበር» አለችው።

«አዎ፣ ነበር» አለ ጉሬዛ። «ድምፁን አጽድተነዋል። የሚረብሽ ነገር ሁሉ ወጥቷል። አሁን ጥርት ያለ ነው፤ አይደል?»

ፍልፈል ያን ቀን ያዘነችውን ያህል ያዘነችው ባሏን የቀበረች ቀን ብቻ ነው። ወደ ጉድጓዷ ገብታ ዲስኩን ከደበቀችበት አወጣችው። ማጫወቻ የላትም። በሆዷ ጠጉር ወልውላ መልሳ አስቀመጠችው።

ከዚያ ሌሎቹም ነገሮች መጥፋት ጀመሩ። ጅግራ የጋብቻዋ ቀን ሲደርስ ሰርጓን ልታይ መስታወቷን ጠየቀች። «ይህ ትርኢት ከተራራው ወዲህ ላሉ ለጊዜው አይገኝም» አላት። የራሷን ሰርግ ለማየት ተራራ መሻገር ሊኖርባት ነው። ባሏ «እኔ እዚሁ አለሁ፤ እኔን እዪ» ቢላት ተቆጣች። ዝንጀሮ ደግሞ የአያቱን ሹመት ቢጠይቅ የሌላ ዝንጀሮ ሹመት አሳየው። እንስሳቱ ያጉረመርማሉ፤ ወሩ ሲደርስ ግን ለጋ ቅጠላቸውን ተሸክመው ከዝግባው ሥር ይሰለፋሉ። የለመዱት ነገር ሲጎድል ያማል፤ ማማረር ደግሞ እያዩም ይቻላል።

ጥር ገባ። ኩሬዎቹ ደረቁ። በመጀመሪያው ሰኞ እንስሳቱ በነጩ ገደል ፊት ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ ሦስት ልጆቹን አስከትሎ መጣና ከፊት ተቀመጠ። ዘንድሮ ጠጉሩን ታጥቦ ነበር። ጉሬዛ ከዝግባው ሆኖ ትርኢቱን ገደሉ ላይ ለቀቀው።

ሽማግሌዎቹ ታዩ። ጅብ ሲነሣ ታየ። «እምላለሁ» አለ። ከዚያ ዋሽንት ተነፋ፤ አበባ ታየ፤ ሁሉም ሲያጨበጭብ ታየና አለቀ።

አያ ጅቦ ቀስ ብሎ ቆመ።

«ያ እኔ ነኝ» አለ። «ቃሉም የእኔ ነው። መማሌን አልክድም፤ የካድሁ እንደሆነ ጉድ በሉኝ። ግን እስቲ ሽማግሌዎች፣ ምን ብዬ ነበር የማልሁት?»

«ከሾላው ወዲህ እንዳትበላ ነው የማልኸው» አለች እመት ሚዳቋ። ግልገሏ ከእግሮቿ መካከል ቆሞ ነበር።

«የታለ?» አለ ጅብ። «አሳዪኝ እንጂ። ያልታየ መሐላ አይጸናም፤ ሕጉ የእናንተ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። እኔ የማየው አበባ ነው። አበባ እንዳልበላ ምዬ ከሆነ በዘሬ አበባ በልቼ አላውቅም።» ይህን ብሎ ልጆቹን አስከትሎ ሄደና ከሾላው ሥር፣ ውሃው አጠገብ ተጋደመ።

እንስሳቱ ወደ ዝግባው አንጋጠጡ። «ወገኖቼ» አለ ጉሬዛ፣ «መካከሉ ረጅም ነበር። ወጣቶቹ እዚያ ላይ ሲደርሱ ያዛጋሉ። ለእናንተው ብለን አሳጠርነው። የተሻሻለ እትም ነው።» ጅብ ለጉሬዛ ምን እንደሰጠው አላውቅም። ጉሬዛ ሥጋ እንደማይቀምስ ነግሯችኋል። እኔ የማውቀው ከኅዳር ጀምሮ ከዝግባው ሥር ነብር ታይቶ እንደማያውቅ፣ ነብሩንም ሲያባርር የታየው ጅብ መሆኑን ነው።

ጎሽ ግን ነገሩ የገባው በሌላ መንገድ ነበር። «መሐላው ተሰርቋል» አለ። «ከመካከሉ ቃል የሰረቀ ሌባ አለ። ስለዚህ በአባቶቻችን ወግ አውጫጭኝ እንቀመጣለን። ሌባው እስኪወጣ ድረስ ከዚህ ሜዳ ማንም አይወጣም፤ ማንም አይበላም፣ አይጠጣም።»

ተቀመጡ። ሰብሳቢ ያስፈልጋልና ከፍ ካለ ቦታ ሁሉን የሚያይ ይሁን ተብሎ ጉሬዛ ተመረጠ። እንስሳቱ ተራ በተራ እየቀረቡ ማሉ። ጅግራ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ከሰማሁ ክንፌ ይርገፍ» አለች። ከርከሮ «እኔ የምወስደው በልዋጭ እንጂ በስርቆት አይደለም» አለ። ዝንጀሮ የተዋሰው እንጂ የሰረቀው ነገር እንደሌለ ማለ። ጉሬዛ ሁሉንም «መልካም፣ ቀጥል» ይላቸዋል። በሁለተኛው ቀን ምላሳቸው ከትናጋቸው ተጣበቀ። የሚዳቋ ግልገል ጠዋት ጠዋት ከሣሩ ላይ ጤዛ ይልሳል። ፍልፈል ከመሬት ውስጥ ውሃ ያዘለ ሥር እያወጣች ለእሱና ለእናቱ ታቀብላቸው ነበር፤ ጎሽ እንዳያይ ከጎሽ ኋላ ሆና።

በሦስተኛው ቀን እመት ሚዳቋ ተነሣች። «እኛ ሁላችን ማልን» አለች። «ያልማለው ኮባው ብቻ ነው። ይነበብልን።»

ጦጣ ዝግባው ላይ ወጥታ ከጫፉ ጀምሮ አነበበች። «ትርኢቱ የዝግባው ነው። እናንተ ተመልካቾች ናችሁ። ዝግባው ባሰኘው ጊዜ ትርኢቱን ያሳጥራል፣ ይለውጣል፣ ያነሣል። ተመልካች ‹ይህ የእኔ ነበር› ብሎ አይጠይቅም። ይህን አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ ወድጄ ፈርሜያለሁ።» ከዚያ እየወረደች የእግር ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጠራች። የጅግራ። የዝንጀሮ። የከርከሮ። የሚዳቋ። የጎሽ፣ ሁለት።

ጎሽ ብዙ አሰበ። «ሌባው ተገኝቷል» አለ በመጨረሻ። «ግን ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ ለመቅጣት አይመችም። አውጫጭኙ ተበትኗል።»

ያን ጊዜ ፍልፈል ከጎሽ ኋላ ወጥታ ከፊቱ ቆመች። «ዲስኩ እኔ ጋ አለ» አለች። «ሙሉው።»

ሜዳው በእልልታ ቀለጠ። ሲስቁባት የኖሩት ሁሉ «እኛስ ዕውቀትዎን መች አጣነው» አሏት። ዝንጀሮ ጀርባዋን ሊያክክላት ፈለገ። እልልታው ጋብ ሲል ጅግራ «ማጫወቻውስ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ተያዩ። ሁሉም ቤቱ ውስጥ ያለውን ሳፋ አሰበ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

«ማጫወቻ እኔ ቤት አለ» የሚል ድምፅ ከሾላው በኩል ተሰማ። አያ ጅቦ ተነሥቶ እንኳ አልተናገረም። «ከከርከሮ የገዛሁት ነው። ልጆቼ ዲስክ ይወዳሉ። ዲስካችሁን ይዛችሁ ከሾላው ማዶ ወደ ጉድጓዴ ኑና እዩ፤ እኔ እንግዳ አልጠላም። በተለይ እመት ሚዳቋ ከነልጇ ብትመጣ ደስ ይለኛል።»

«አያ ጅቦ ክፉ አይደሉም» አለ ጎሽ። «እንዲህ ያለ ቅንነት ከማን ይገኛል? ሆኖም ማን ይሂድ የሚለው ጥናት ይፈልጋል። ኮሚቴ ተቋቁሟል። በሦስት ቀን ውስጥ ያቀርባል።»

ኮሚቴው ሊቀመጥ ሲሄድ ፍልፈል ሚዳቋን ወደ ጎን ጠራቻት። «ልጄ፣ ከሾላው እስከ ጅቡ ጉድጓድ ስንት እርምጃ ነው?»

«መቶ ሰባት» አለች ሚዳቋ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የልጆቼን ደም ተከትዬ ሄጄበታለሁ። ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ መቶ ሰባት ነው።»

ፍልፈል ወደ መሬት ገባች። ለመቆፈር ዓይን አያስፈልግም፤ ኮሚቴም አያስፈልግም። ሦስት ቀን ቆፈረች። ጥፍሯ ተላጠ። አያ ጅቦ ውሃውን እየጠበቀ ከሾላው ሥር እንደተጋደመ በሆዱ ሥር አልፋ ሄደች። እሱም «መሬቱ ዛሬ ምን ሆኗል» ብሎ ተገላብጦ ተኛ። ከጉድጓዱ ወለል ሥር ስትወጣ የጫካው ዲስክ ሁሉ በደርዝ በደርዝ ተደርድሮ አገኘች። የሚደብቀው ያለው የማስቀመጥን ጥቅም ከሁሉ በፊት ያውቃል። እሷ የፈለገችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእጇ ዳበሰችና ከሥሩ የእድሩን ማኅተም አገኘችው።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው «ጥናቱ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» የሚል ውጤት ሲያቀርብ መሬቱ ተሰነጠቀና ፍልፈል አፈር ለብሳ ማጫወቻውን እየገፋች ወጣች። ማንም ሳይጠይቃት ዲስኩን ከተተችበት። ምስሉ ነጩ ገደል ላይ ወጣ። ጅብ ነገሩን አይቶ ከሾላው ሥር እየሮጠ መጣ፤ ግን ዘገየ።

«ከዚህ ሾላ ወዲህ» አለ በገደሉ ላይ ያለው ጅብ፣ «ውሃ ሊጠጣ በወረደ ፍጥረት ላይ ጥርሴን አላሳርፍም። ብከዳ ጉድጓዴ ይደርመስብኝ።» ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አሳለ። ፍልፈል ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ ቆማ ነበር። ሳሉን ስትሰማ ዓይኖቿን ጨፈነች። እነዚያ ዓይኖች ለማየት ባይሆኑም ለማልቀስ ይበቁ ነበር። «ዘሬ ይንጠፍ» ብሎ ምስሉ ጨረሰ።

እንስሳቱ ሁሉ ወደ ጅብ ዞሩ። ጅብ የጎሽን ቀንድ አየ፤ የሕዝቡን ብዛት አየ። «ያ እኔ ነኝ» አለ። «ቃሉም የእኔ ነው።»

እመት ሚዳቋ ይህን እንደሰማች ቆማ አልጠበቀችም። ግልገሏን ይዛ ወደ ሾላው ሮጠች። ግልገሉ በስድስተኛው ቀን አፉን ውሃ ውስጥ ነከረ። እሷ እስኪጠግብ ከአጠገቡ ቆመች እንጂ ቀድማ አልጠጣችም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። እኔም አፌን አብሼ እሄድ ነበር። ግን ጅብ አልተቀመጠም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ ትሑት ሆኖ። «ይህ ማጫወቻ የማን ነው?»

«ከሥሩ የእድሩ ማኅተም አለበት» አለች ፍልፈል።

«ማኅተሙ የእድሩ ነው፤ ማጫወቻው ግን የእኔ ነው። ከከርከሮ በሕግ ገዛሁት። ከርከሮ ደግሞ ከሊቀመንበሩ በሳፋ ለወጠው። ሳፋው ይኸው አለ። ወለሌን በስታ፣ ከቤቴ ገብታ የወሰደችው ማን ናት? እኔ በመሐላዬ ጸናሁ፤ እናንተስ በሕጋችሁ ትጸናላችሁ ወይስ አትጸኑም?»

ጎሽ ከርከሮን ጠየቀው። ከርከሮ «እውነት ነው፤ ልዋጭ ተመላሽ የለውም» አለ። ጉሬዛ ከዝግባው ሆኖ «የግል ንብረት ይከበር» አለ። እንስሳቱ አጉተመተሙ፤ ሕግ ሕግ ነው አሉ። ደግሞም ውሃው ተከፍቶ ስለነበረ ሁሉም ቶሎ ወርዶ መጠጣት ፈልጓል፤ የተጠማ ሰብሳቢ ፍርዱ አጭር ነው። ጎሽ ፍልፈልን በሌብነት ከንብረት ጠባቂነት ሻራት፤ ማጫወቻውም ከይቅርታ ጋር ለባለቤቱ እንዲመለስ ወሰነ።

«ዲስኩን ላውጣ» አለች ፍልፈል።

«ሲሰረቅ ባዶ ነበር ብሎ ማን ይመሰክርልሻል?» አለ ጅብ። «ዕቃ የሚመለሰው ከነሆዱ ነው።»

«ከነሆዱ ይመለስ» አለ ጎሽ ወደ ውሃው እያየ።

አያ ጅቦ ማጫወቻውን አቅፎ፣ ልጆቹን አስከትሎ ወደ ማዶ ሄደ። በዚያው ቀን የጉድጓዱን ወለል ድንጋይ አነጠፈበት።

እመት ሚዳቋ ከውሃው ስትመለስ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። ፍልፈል ከጉድጓዷ አፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የተላጠ ጥፍሯን ትልሳለች። ሚዳቋ አጠገቧ ተንበረከከች። ጎሽና ጅግራ ሆዳቸው በውሃ ተነፍቶ በዚያ ሲያልፉ አዩአቸውና ቆሙ።

«እትዬ ፍልፈል፣ አይዘኑ» አለች ጅግራ። «ለዘንድሮ ሁሉም ሰላም ሆኗል።»

«ለከርሞስ?» አለች ሚዳቋ። «ለከርሞ ምን እናሳየዋለን?»

«እሱም ታስቦበታል» አለ ጎሽ ደረቱን ነፍቶ። «ጌታው ጉሬዛን አነጋግረናል። ለከርሞ መሐላውን ሙሉውን፣ አንድ ቃል ሳይጎድል ሊያሳየን ቃል ገብቶልናል። ትንሽ ቅጠል መጨመር ብቻ ነው።»

ፍልፈል ጥፍሯን መላስ አቆመች።

«የጉሬዛን ቃልስ በምን ላይ ቀዳችሁት?» አለች።